ቆርቆሮ የተባለችው ቮልስ

እትዬ ሀብትነሽ ያላቸውን ነገር ማሞገስ አይወዱም። በግ ገዝተው ሲገቡ «ሰባ ያለ ነው» ካሏቸው «ኧረ አጥንት ነው» ይላሉ። ልጃቸው በማዕረግ የተመረቀች ዕለት እንኳ «እንዲያው ተጎትታ ወጣች» ነበር ያሉት። የሰው ዓይን አለ፣ የቀበሌ ጆሮ አለ። ካሳንቺስ ያደገ ሰው ያለውን ሲጠይቁት ማሳነስን ከአፍ መፍቻው ጋር ነው የሚማረው።

ከሁሉ አብልጠው የሚያሳንሷት ደግሞ ቮልሳቸውን ነው። ሰማያዊ ናት፤ ታይፕ ጸሐፊ ሳሉ ዕቁብ ደርሷቸው የገዟት። ያኔ «ሴት ብቻዋን መኪና ምን ያደርግላታል?» ያለው ጎረቤት ሁሉ ኋላ ምጥ የያዛት ሚስቱን በሷ አስወስዷል። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሙሽራ ያመላልሱባታል። ጥርና ሚያዝያ በመጣ ቁጥር ሠርገኛው ሁሉ ያቺን ሰማያዊ ቮልስ ነው የሚለው። የጡረታው ብር የወሩን አጋማሽ አያይም፤ የቤት ኪራዩንም አስቤዛውንም የምትሸፍነው እሷ ናት።

ባለፈው ሰሞን ታዲያ ጎተራ ማሳለጫ ላይ አንድ ሲኖትራክ ለጥቂት ሳታት። እትዬ ሀብትነሽ ዳር ይዘው ቆሙ። ያላቸው የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ብቻ ነው፤ እሱ የሌላውን እንጂ የራስን መኪና አይጠግንም። ብትጨፈለቅስ ኖሮ በምን ይተኳት ነበር? በዚያው ሳምንት አንድ ድርጅት ሄደው ሙሉ ኢንሹራንስ ልግባ አሉ።

ድርጅቱም ኪዱ የሚባል ወጣት ሠራተኛ ላከላቸው። ቦርሳውን አንግቶ፣ ወረቀቱን ይዞ ቮልሷን ዞር ዞር ብሎ አየና «እማማ፣ ማለቴ፣ ስንት ታወጣለች ብለን እንመዝግባት?» አላቸው።

ቦርሳ፣ ወረቀት፣ «ስንት ታወጣለች?» የቀበሌ ሰው የመጣ ይመስል የእትዬ ሀብትነሽ አፍ ከልባቸው ቀደመ።

«ኧረ ምን አላት ልጄ፤ ቆርቆሮ ናት። በእግዜር ቸርነት ነው የምትሄደው።»

ኪዱ የተባለውን ሰማና ሰማንያ ሺህ ብር ብሎ ጻፈ። የዓመቱ ክፍያም ትንሽ ሆነ፤ እትዬ ሀብትነሽ ረከሰልኝ ብለው ደስ እያላቸው ፈረሙ።

ዘይት ሊያስቀይሩ ቡልጋሪያ ሰፈር፣ የሁልጊዜ መካኒካቸው ዳባ ጋ ሲሄዱ ይህንኑ በኩራት አወሩት። ዳባ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ሳቀባቸው።

«ጉድ ሠሩ እትዬ። ለግብር ሰው የሚባለውን ለኢንሹራንስ ሰው ነገሩት።»

«ምን ልዩነት አለው?»

«ግብር ካለዎት ላይ ይወስዳል፤ ሲያሳንሱበት ይቀንሳል። ኢንሹራንስ ግን ካስመዘገቡት በላይ አይሰጥዎትም። ነገ ብትቃጠል ሰማንያ ሺህ ነው የሚቀበሉት። በሱ ብር እኔ በሯን እንኳ አላገኝልዎትም።»

እትዬ ሀብትነሽ በርጩማ ስበው ቁጭ አሉ። ዕድሜ ልካቸውን ከዓይን ሲሸሽጓት ኖረው በገዛ አፋቸው አረከሷት። ንድድ አላቸው፤ በማንም ሳይሆን በራሳቸው።

«ታዲያ ስንት ልበል?»

«እንደሷ ያለች ሌላ ለማግኘት የሚፈጀውን። ከዚያ በላይ ቢሉ በከንቱ ይከፍላሉ፤ ከዚያ በታች ቢሉ በእግር ይሄዳሉ። እኔን ከጠየቁኝ ስምንት መቶ ሺህ።»

«ቀስ ብለህ ተናገር፤ ሰው ይሰማል» አሉት።

በማግስቱ ቢሮው ሄዱ። ኪዱ ትሑት ነው፤ ግን ግራ ገባው። «እማማ፣ ቆርቆሮ ናት ያሉኝ እርስዎ እኮ ነዎት። ባንድ አዳር ዐሥር እጥፍ ስትሆን አለቃዬን ምን ልበላት?»

«ምንም አትበላት። ውረድና መኪናዬ ውስጥ ግባ።»

አጠገባቸው አስቀምጠውት አዲሱን የካሳንቺስ መንገድ ይዘው ሄዱ። ቀለሟ የፋብሪካ ነው፣ ሞተሯ አልተነካም ሊሉት አፋቸውን ይከፍቱና ይተዉታል። ማሞገስ የት ለምደው! መብራት ላይ ሲቆሙ ጎናቸው የቆመ አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና መስኮቱን አወረደ። ጎልማሳው ባለመኪና ቮልሷን ከፊት እስከ ኋላ አያትና «እናቴ፣ ይሸጧታል?» አለ።

«ኧረ ምን አላት…» ብለው ጀመሩ።

ኪዱ ዞሮ አያቸው። እትዬ ሀብትነሽ ቀና ብለው ተቀመጡ።

«አትሸጥም» አሉ። «ይህች ከሲኖትራክ አፍ ያመለጠች ናት። ሙሽራ ይዛ አንድም ቀን መንገድ ላይ አልቆመችም፤ እንጦጦ ዳገት ላይ አዲሶቹ ሲያጨሱ እሷ ታልፋቸዋለች። ስምንት መቶ ሺህ ታወጣለች። እንድታውቀው ነው እንጂ አልሸጥም።»

ሰውየው አልሳቀም። «በስምንት መቶማ አሁኑኑ እወስዳታለሁ፤ ስልክዎን ይስጡኝ» አለ።

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፤ ከኋላ ጥሩምባው በረከተ። እትዬ ሀብትነሽ ስልክ ሳይሰጡ ማርሽ አስገብተው ነጎዱ። ደስታው ሊያፈነዳቸው ነው። ስንት ዓመት አፍነው የያዙት ኩራት ለካ ሲናገሩት እንዲህ ይጣፍጣል!

«በቃ እማማ፣ ሰምቻለሁ» አለ ኪዱ።

ፎቶዋንና እትዬ ሀብትነሽ ከዳባ ያስጻፉትን ግምት አያይዞ አቀረበ፤ አለቃውም ተቀበለችው። ስምንት መቶ ሺህ ተባለ። ክፍያው የሁለት ሠርግ ገቢ የሚበላ ቢሆንም እትዬ ሀብትነሽ ሳያቅማሙ ከፈሉ።

ሊወጡ ሲሉ ኪዱ «ሌላ የሚስተካከል አለ?» አላቸው።

በመስኮቱ ቁልቁል አዩ። ሁለት ልጃገረዶች ቮልሷን ተደግፈው ፎቶ ይነሳሉ።

«አለ እንጂ» አሉ እትዬ ሀብትነሽ። «ቆርቆሮ ያልኩትን ሰርዝልኝ። ትሰማለች።»