አው ዩሱፍን ያሸነፍኩበት ቅዳሜ

ነገሩ ከሆነ ሁለት ዓመት አልፎታል። ቼዝ ፊት በተቀመጥኩ ቁጥር ይመጣብኛል፤ መጫወቱን ግን አልተውኩም።

ሐረር፣ ከግንቡ ውጭ ባለው ከተማ፣ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሠራው። ቼዝ የጀመርኩት ትልቅ ሰው ሆኜ በስልኬ ነው፤ ሁልጊዜ እሸነፍ ነበር። አንድ ቀን የደም ግፊት መድኃኒት ሊወስዱ የመጡ አዛውንት ስልኬን አየት አድርገው፣ "ልጄ፣ ወታደር ብቻ ነው የምትገፊው፤ ፈረሶችሽ ተኝተዋል እኮ" አሉኝ። ከግንቡ በሮች አንዱ በሆነው ኤረር በር አጠገብ ልብስ የሚሰፉት፣ ሰው በአክብሮት "አው" እያለ የሚጠራቸው አው ዩሱፍ ነበሩ።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ከዙሁር ሰላት በኋላ፣ በምሳ ሰዓቴ ሱቃቸው እየሄድኩ ያስተምሩኝ ጀመር። ሁለት ሳምንት ሙሉ ንጉሥና አንድ ወታደር ብቻ አስቀምጠው አጫወቱኝ። በተሸነፍኩ ቁጥር ጨዋታውን መልሰን እንደረድራለን፤ የተሳሳትኩበትን ቦታ ራሴ ካላገኘሁ መነሳት የለም። "ከመንካትሽ በፊት እሱ ምን እንዳሰበ ጠይቂ" ይሉኛል። ስቸኩል በማስመሪያቸው እጄን መታ ያደርጉኛል። ስድስት ወር ተጫወትን፤ አንድም ቀን አላሸነፍኳቸውም።

ያን ቅዳሜ ጨዋታው መሃል ላይ የሻይ ብርጭቆ ከእጃቸው ወደቀ።

"እጄ ዛለብኝ" አሉ። ቃሉ አፋቸው ውስጥ ተያያዘ።

"ጠዋት ሙሉ ሲሰፉ አርፍደው ነዋ!" አልኳቸው፣ ዓይኔን ከሰሌዳው ሳላነሳ።

በግራ እጃቸው መጫወት ጀመሩ። ትንሽ ቆይተው ንግሥታቸውን ፈረሴ የሚበላበት ቦታ ላይ አስቀመጧት። ወጥመድ መስሎኝ ብዙ አሰብኩ። ወጥመድ አልነበረም። በላኋት። ብዙም ሳይቆይ ንጉሣቸው መሄጃ አጣ።

"አው ዩሱፍ፣ አሸነፍኩዎት እኮ!" ብዬ ዘለልኩ። በግማሽ አፋቸው ፈገግ አሉ። እሳቸውንና ሰሌዳውን ፎቶ አነሳሁና፣ ሰዓት ረፍዶብኝ ስለነበር ባጃጅ ይዤ በረርኩ።

አሥር ሰዓት ገደማ ፎቶውን ለባልደረባዬ አሳየኋት። ሰሌዳውን ልብ አላለችውም።

"ሰውየው ፊታቸው ምን ሆኖ ነው?" አለችኝ።

ያኔ አየሁት። አፋቸው በቀኝ በኩል ወርዷል፤ ቀኝ እጃቸው ጭናቸው ላይ እንደ ጨርቅ ተጥሏል። ከጀርባዬ ግድግዳው ላይ የስትሮክ ምልክቶችን የሚያሳይ ወረቀት ነበር። የለጠፍኩት እኔ ነኝ።

ስደርስ ሱቁ ተዘግቷል። ልጃቸው ዙበይዳ ወድቀው አግኝታ ሆስፒታል ወስዳቸዋለች። ሐኪሙ "ትንሽ ቀደም ብላችሁ ብታመጧቸው ኖሮ" እንዳላት እዚያው ሆስፒታል እያለቀሰች ነገረችኝ። አቀፍኳት፤ እጃቸው እንደዛለ ነግረውኝ እንደነበር ግን አልነገርኳትም። በአራተኛው ቀን አረፉ።

ለቅሶ ቤት ዙበይዳ እጄን ይዛ፣ "አላህ ይስጥሽ እህቴ፤ አባዬ የመጨረሻ ሰዓቱን ከሚወደው ሰው ጋር አሳለፈ" አለችኝ። ቀጥላም፣ "ጎረቤቶቹ ፎቶ ስታነሺው አይተውሻል አሉ፤ እስቲ ላኪልኝ" አለች።

"ጠፍቶብኛል" አልኳት።

አልጠፋም። ስልክ ስቀይር እንኳ አብሮኝ ተሻግሯል። ዛሬ ደህና ተጫዋች ነሽ ይሉኛል። ተጋጣሚዬ የማይሆን ስህተት ሲሠራ ግን ቀና ብዬ ፊቱን አየዋለሁ፣ "ደህና ነህ?" እላለሁ። ይስቁብኛል።

ኤረር በር ሳልፍ ዙበይዳን አገኛታለሁ። ሁልጊዜ ጉንጬን ስማ፣ "ፎቶው አልተገኘም?" ትለኛለች።

"እየፈለግኩ ነው" እላታለሁ።