አያሌው በልደት ኮፍያ

ጎባ ውስጥ ሰው ሲሞት ሁለት ሰዎች ሥራ ያገኛሉ፤ የመቃብር ሐውልት በሲሚንቶ የሚሠራው ጃለታ፣ የሟቹን መልክ ደግሞ በላሜራ ላይ በዘይት ቀለም የምትሥለው ሸዋርጋ። ሸዋርጋ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሥዕል ስታስተምር ኖራ ጡረታ ስትወጣ ነው ይህን የያዘችው። ቤተሰብ ፎቶ ያመጣላታል፣ እሷ አሳድጋ ትሥላለች፤ ጃለታ ሐውልቱ ፊት ላይ ባበጀው መስኮት ውስጥ ያስገባውና በመስታወት ይከድነዋል።

ታዲያ የሚመጣላት ፎቶ ለመቃብር የሚሆን አይደለም። በአዘቦት ቀን ትልቅ ሰው ፎቶ የሚያነሳ ማን አለ? ስልክ ከኪስ የሚወጣው የልጅ ልደት ሲከበር ነው። ስለዚህ ብዙዎቹ ሟቾች ሸዋርጋ እጅ የሚገቡት ከጎረቤት ከተማ ከሮቤ ሱቆች የሚገዛውን ሾጣጣ የወረቀት ኮፍያ እንደደፉ፣ ላስቲኩ አገጫቸው ሥር ገብቶ፣ አንዱ ኬክ እንደጎረሰ፣ ሌላው ፊኛ እንደያዘ ነው። እሷም ኮፍያውን ታወልቅላቸዋለች። ግንባሩን ወረቀቱ ካቆመበት ጥቂት ጣት ከፍ ታደርገዋለች፣ ፀጉር ታለብሰዋለች፣ የላስቲኩን መስመር ከጉንጩ ላይ ታጠፋለች፤ ከአንገት በታች ጥቁር ሰማያዊ ኮትና ክራቫት። ኮቱ ሁልጊዜ አንድ ነው። በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ያረፉት ወንዶች ያንኑ ኮት ለብሰው ጎን ለጎን ቆመዋል። ቤተሰቡ ግን “ቁርጥ እሱን” ብሎ መርቋት ይሄዳል።

የባሏ የአያሌው ሙት ዓመት ሲቃረብ ተራው የራሷ ሆነ።

አያሌው ከደብረ ማርቆስ ተመድቦ የመጣ የስንዴ በሽታ ባለሙያ ነበር። ጠዋት በሚኒባስ ሮቤ ይወርዳል፣ ማታ ይመለሳል። ልጅ አልወለዱም። ሲመሽ ከከሰሉ አጠገብ ሁለቱም ዝም ብለው ይቀመጣሉ፤ ያ ዝምታ ከብዷት አያውቅም ነበር። አሁን ወንበሩ ባዶውን ሲቀር ነው ዝምታው የከበዳት። የጎባ ብርድ ስለማይስማማው የሱፍ ኮፍያውን እስከ ጆሮው አውርዶ ቤትም ውስጥ አያወልቀውም፤ ሲተኛም እንደዚያው። ፎቶ ሲያነሱት ፊቱን ያዞራል። የመታወቂያው ፎቶ ላይ ማኅተሙ ከግንባሩ እስከ ቅንድቡ አርፎበታል። የሠርጋቸው ፎቶ ደግሞ የአንድ ጎፈሬያም ጎረምሳ ነው።

አንድ ፎቶ ብቻ ተገኘ። ጎረቤቷ ሲምቦ ሮቤ አሳጥባ አመጣችላት።

“እትዬ፣ ሌላ የለኝም። የሩሃማ ልደት ዕለት ነው፤ እርስዎ ጓዳ ዳቦ ሲቆርሱ።”

ሩሃማ የሲምቦ ልጅ ናት። ወንበር ላይ ወጥታ የአያሌውን የሱፍ ኮፍያ መንጭቃ የወረቀቱን ስትደፋበት፣ እናቷ ያኔውኑ አንስታዋለች።

ሸዋርጋ ፎቶውን ወደ መስኮቱ አስጠግታ አየችው። “እሱም ላይ ደፋችበት?”

“ለእርስዎ ኮፍያ ማውለቅ ምን ይገድዎታል? የባለቤቴን አባት አውልቀውላቸው የለ? መላጣቸው ላይ ፀጉር ሁሉ አበቀሉላቸው።”

“እናንተ ናችሁ ያላችሁኝ።”

“የባለቤቴ እናት እኮ መቃብሩ ጋ በሄዱ ቁጥር ‘ይሄ ጎረምሳ የማን ነው’ ይላሉ።”

ሸዋርጋ ፈገግ አለች። ሲምቦ ስትወጣ ግን ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ብዙ ጊዜ ሳትነካው ቆየች። መቃብሩ ላይ የሚቀመጠው ፊት ከእሷ በኋላም የሚቀረው ነው፤ ልጅ የለ፣ የሚያስታውሰው ዘመድ ሩቅ። አያሌው መሆን አለበት፤ አያሌውን የሚመስል ሰው አይበቃትም።

እንደለመደችው ጀመረች። ግንባሩን ከፍ ስታደርግ እጇ ቆመ። ፀጉሩ ከየት ነበር የሚጀምረው? መመለጡን ታውቃለች፣ ግን ከፊት ነው ከአናት? የገነዙት ወንዶች ናቸው፤ ያኔም አላየችውም። ይህን ሁሉ ዓመት አንድ ትራስ ላይ ተኝታ አታውቀውም። የባልሽ ግንባር እንዴት ነበር ብላ ደግሞ የሰው ደጅ አትሄድም። በግምት ሣለችው።

ከዚያ ዓይኑ እምቢ አለ። ፎቶው ላይ አያሌው አንገቱን በጥንቃቄ ሰበር አድርጎ፣ ዓይኑን ወደ ኮፍያው ጫፍ ሰቅሎ፣ ሳቁን በአንድ ከንፈሩ ጥግ ይዟል። ኮፍያው እንዳይወድቅበት ነው የሚጠነቀቀው። ኮፍያው ሲነሳ ዓይኑ ዝናብ ይመጣ እንደሆን የሚያይ ሰው ዓይን ሆነ፤ ከንፈሩ ጥርሱን የሚያመው መሰለ። ዓይኑን ዝቅ አደረገችው፣ ከንፈሩን አስተካከለችው፣ አንገቱን አቀናችው። ኮቱን አለበሰችው። ሲያልቅ አንድ የተከበረ ሰው ፊቷ ቆሞ ነበር፤ የት እንደምታውቀው ግን አላወቀችም።

ሌላ ላሜራ አወጣችና እንዳለ ሣለችው፤ ቢጫና ቀይ ሰንበር ያለውን ሾጣጣ፣ ወረቀቱ በሙጫ የተጋጠመበትን ስፌት፣ ጫፉ ላይ ግማሹ የረገፈውን ብርማ ጭራ፣ የኮፍያው ጠርዝ ግንባሩ ላይ የጣለውን ቀጭን ጥላ። ለሌሎች ስታጠፋው የኖረችውን ኮፍያ ሥላው አታውቅም ነበር፤ ብዙ ቀን ወሰደባት። ጥላው ግንባሩ ላይ ሲያርፍ አያሌው መጣ። ብሩሹን አስቀምጣ በነጠላዋ አፏን ያዘች።

ሁለቱንም በጨርቅ ጠቅልላ ጃለታ ዘንድ ሄደች።

“አካም ጅርቱ፣ አዴ ሸዋርጋ፤ ደህና ነዎት?” አለ ጃለታ፣ እጁን ከሲሚንቶ እየጠረገ። ባለ ኮፍያውን ሲያይ ሳቁ አመለጠው። “ይቅርታ ያድርጉልኝ። እሳቸው ናቸው እኮ፤ ለአባቴ ስንዴ ሲያዩ እንዲህ ነበር ከንፈራቸው።”

“ይሄኛውስ?” ባለ ኮቱን አሳየችው።

“ይሄም . . . ደህና ነው።” ራሱን አከከ። “ለእኔ ለእኔ ሾጣጣ ይቀለኛል። ሐውልቱን ከላይ እንደ ኮፍያው በሲሚንቶ ሥራው ቢሉኝ ውሃ አይቋጥርም፣ የጎባን ዝናብ ያፈሳል። የሚያስቸግረኝ ፀጉር ነው። ግን አቶ ገብረ ሚካኤል ካዩ ከእድሩ ይሰርዙኛል።”

ገብረ ሚካኤል የእድሩ ዳኛ ናቸው። አስቀድመው “አደራ፣ የኛም ስም ነውና ደህና አርገሽ ሥሪው” ብለዋት ነበር።

“የቱን ልግጠም?”

ሸዋርጋ መሬት መሬት አየች። “ባለ ኮቱን” አለች።

ሙት ዓመቱ ዕለት ጸሎቱ አልቆ መሸፈኛው ሲገለጥ ሰው ተጠጋ። “ቁርጥ እሱን” አሉ ገብረ ሚካኤል። “አያሌው ራሱ” አለ አብሮት ይሠራ የነበረ የሮቤ ሰው። ሲምቦ እንኳ ዓይኗን እየጠረገች “ሊናገር ነው የሚመስል” አለች። ሸዋርጋ ለሁሉም አንገቷን ዝቅ አድርጋ “እግዜር ይስጥልኝ” አለች። ማንም እየዋሸ አልነበረም፤ የከፋትም እሱ ነው። አያሌው ሮቤና ጎባ ሲመላለስ ዕድሜውን ሲፈጅ ከእነዚህ ሰዎች ፊቱን አስተውሎ ያየው አልነበረም። እሷም ብትሆን ግማሹን ነው።

ሰዉ ለዝክሩ ወደ ቤት መሄድ ጀመረ።

“እትዬ፣ ይምጡ እንጂ፣ ሰው ቀድሞዎት ገባ” አለቻት ሲምቦ።

“አንቺ አስተናግጂልኝ፣ ደረስኩ።”

ጃለታ መሣሪያውን እየሰበሰበ ነበር። ሸዋርጋ ጠጋ ብላ “አውጣው” አለችው።

“ምኑን?”

“ሥዕሉን።”

“አዴ ሸዋርጋ፣ ትናንት እኮ ነው የለሰንኩት። መስታወቱ ይሰበራል።”

“ይሰበር።”

“ሰው ሁሉ እሳቸውን ነው ብሎ ሄደ።”

“ሰምቻለሁ።”

ከነጠላዋ ሥር ባለ ኮፍያውን አወጣች። ጠዋት ስትወጣ ለምን እንደያዘችው ለራሷም አልነገረችም ነበር። ጃለታ ሥዕሉን አየው፣ እሷን አየ፣ መሮውን አነሳ። መስታወቱ ለሁለት ተሰነጠቀ። ባለ ኮቱን አውጥቶ ሣሩ ላይ በፊቱ ደፋው፤ አያሌውን በቦታው አቁሞ ዙሪያውን ለሰነ።

“እስኪይዝ በእጅዎ ደግፈው ይቆዩ። መስታወት ይዤ ልምጣ። ይስቁብዎታል፣ አሁን ነግሬዎታለሁ።”

“ይሳቁ።”

ጃለታ ሄደ። ግቢው ባዶ ሆነ። ከሳነቴ ተራራ የሚወርደው ነፋስ ነጠላዋን ይገልጣል፤ በአንድ እጇ ሰበሰበችው፣ በሌላው ላሜራውን ያዘች። ሲሚንቶው ጣቷን አቀዘቀዘው። ቤት ውስጥ እንግዳ እየጠበቃት ነው፤ ነገ ገብረ ሚካኤል ይመጣሉ፣ ምን ትላቸዋለች?

ሁለት ሴቶች ከቤተ መቅደሱ ዞረው በዚያ አለፉ። አንደኛዋ ሥዕሉን ስታይ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ፈጠን አለች። ሁለተኛዋ ግን ቆም ብላ፣

“እናቴ፣ ሰውየውን ያውቋቸው ነበር?” አለቻት።

ሸዋርጋ ቀና ብላ አያሌውን አየችው። ዓይኑን ወደ ኮፍያው ጫፍ ሰቅሏል።

“እየለመድኩት ነው” አለች። ሴትየዋ ግራ ተጋብታ ጓደኛዋን ተከተለች። ሸዋርጋ እጇን ሳታነሳ ሲሚንቶው እስኪይዝ ጠበቀች።