እማማ ማንበብ ያቆሙበት ሰሞን

«አንቺ ልጅ፣ ቤቱን እያጸዳሽው ነው ወይስ እያባረርሽው?»

እማማ እንዲህ ያሉኝ በመጀመሪያው ሐሙስ ነው። መጥረጊያ ይዤ ከሳሎን ወደ መኝታ ቤት፣ ከመኝታ ቤት ወደ ኩሽና ስሮጥ ሶፋቸው ላይ ሆነው ሲከታተሉኝ ቆይተው። ስሜን እንኳ ገና አልጠየቁኝም። ኸሜንተው፣ ማዘጋጃ ቤቱ ማለት ነው፣ ለአረጋውያን ቤት የሚያጸዳ ሰው ይመድባል፤ የምሠራበት የጽዳት ድርጅት እኔን ሲልክ ሐበሻ ለሐበሻ ብሎ አልነበረም። ለነሱ የሚታያቸው አድራሻና ሰዓት ብቻ ነው። በሩ ሲከፈት ሁለታችንም ደነገጥን። ኔዘርላንድ፣ ዴንሃግ ከተማ፣ ትራንስቫል ሰፈር፣ ከገበያው ጀርባ፣ ሦስተኛ ፎቅ።

እኔ አንድ ቦታ መቀመጥ አልችልም። አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ነው የመጣሁት፤ ከዚያ በኋላ ክፍል ውስጥ መቀመጥም አልቻልኩም። መጀመሪያ አምስተርዳም ጥግ ዲመን፣ የተማሪዎች ሕንጻ ውስጥ፣ ተማሪ ሳልሆን ከሌላ ሰው በተከራየሁት ክፍል ኖርኩ። የኮሪደሩ ልጆች የሚያናግሩኝ በወረቀት ነበር። «ፀጉርሽን ከሻወሩ አንሺ» የሚል ጽፈው በሬ ላይ ይለጥፋሉ። ከዚያ ሮተርዳም ወደብ መጋዘን ገባሁ። እዚያ ደግሞ ጆሮሽ ላይ ማዳመጫ ይሰኩልሽና የትኛው መደርደሪያ ጋ ሄደሽ ምን እንደምታነሺ ማሽን ይነግርሻል። ከጠዋት እስከ ማታ የሚያናግረኝ እሱ ብቻ ነበር። ያውም ሳይደክመው። ሲያንገሸግሸኝ ትቼው ዴንሃግ መጣሁና ጽዳት ጀመርኩ። ሰው ሲጠይቀኝ «ሥራ በዝቶብኝ ነው» እላለሁ። የሚጠይቀኝ ሰው ግን ብዙም አልነበረም።

ስለዚህ ሐሙስን መውደዴን ለማንም አልተናገርኩም። የምነግረውም አልነበረኝም።

እማማ (እንደዚያ ነበር የምጠራቸው) ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል። የወረቀት መጽሐፍ ማንበብ ካቆሙ ዓመታት አልፈው ነበር። ልጃቸው ኢ-ሪደር የሚሉትን የመጽሐፍ ማንበቢያ ገዛችላቸው፤ እሱ ላይ ፊደሉን ባቄላ እስኪያህል አሳድገው ያነባሉ። ጠዋት የጸሎት መጽሐፋቸውን፣ ከዚያ በኋላ ልብ ወለድ። ልብ ወለዱን ለልጃቸው አይነግሯትም። «አርጅታ የፍቅር ታሪክ ታነባለች እንድትለኝ ነው?» ይላሉ። ለኔ ግን ይነግሩኛል። እኔ መስኮት ስወለውል ያነበቡትን ይተርኩልኛል። አንዲት ልጅ ለነጋዴ ልትዳር ስትል ከቤቷ ጠፋች። አክስቷ ቤት ተደበቀች። አክስትየው ከዳቻት። እኔ ቤቴ ስመለስ ስለዚያች ልጅ አስባለሁ፤ ሐሙስ እስኪደርስ ምን ሆና ይሆን እላለሁ። ራሴም ኢ-ሪደር አለኝ፣ ግን የሳቸው ታሪክ ይሻለኛል። የኔን ማንም አያወራልኝም።

የእማማ ኢ-ሪደር ያረጀ ስለነበር ቶሎ ቶሎ ይደርቅ ነበር። ገጽ አልገለጥም ብሎ እዚያው ተጣብቆ ይቀራል። መድኃኒቱን አውቀዋለሁ፤ የኔም እንደዚያ ስለሚያደርገኝ። የማብሪያውን ቁልፍ ተጭኖ መያዝ፣ ስክሪኑ ጥፍት ብሎ እስኪነሳ አለመልቀቅ፤ በቃ። መጽሐፉም አይጠፋም፣ ያቆሙበት ገጽም አይጠፋም። እማማ ግን ለመያዝ ትዕግሥት የላቸውም። ጣታቸውን ያሳርፉና ወዲያው ያነሱታል። «አልሰማኝም» ይላሉ። ስለዚህ ሐሙስ ስገባ ጫማዬን ሳላወልቅ መጀመሪያ የሚሰጡኝ እሱን ነበር።

አንድ ሐሙስ ብይዘው ብይዘው እምቢ አለ። ቻርጅ ላይ ይዋል ብያቸው ሄድኩ። እሁድ ልጃቸው ከሮተርዳም ስትመጣ ይዛው ሄደች፤ በሚቀጥለው እሁድ ሠርታ አመጣችላቸው። ሙሉ በሙሉ ሪሴት አድርጋው፣ እንደ አዲስ ዕቃ ከባዶ አስነስታው፣ መጽሐፎቹን ከኮምፒውተሯ መልሳ ጭናበት። ሽፋኖቹ ሁሉ ተደርድረው ይታያሉ። ጎበዝ ናት፤ ቢሮ ነው የምትሠራው። በልጅነቷ ነው እዚህ የመጣችው፤ አማርኛ ትናገራለች፣ ማንበብ ግን አትችልም።

ከዚያ በኋላ እማማ ዕቃውን አይሰጡኝም። «ደህና ነው፣ ደህና ነው» ይላሉ። የልብ ወለዱን ታሪክ ስጠይቃቸው ልጅቷ ሻሸመኔ አውቶቡስ ተራ ደርሳለች አሉኝ። በሚቀጥለው ሐሙስ አውቶቡሱ ገና አልመጣም። በሌላው ሐሙስ ደግሞ ዝናብ ሆነ፣ ሻንጣዋ ረጠበ፣ አንዲት ሴትዮ ጃንጥላ አዋሰቻት። ሴትዮዋ ማን ናት ስላቸው ዕቃውን አገላበጡት። ትንሽ ቆይተው፣ «መንገደኛ» አሉኝ።

እኔ ነገር አላሽሞነሙንም።

«እማማ፣ ይቺ ልጅ ይሄን ሁሉ ሳምንት አውቶቡስ ተራ ምን ትሠራለች? እያነበቡ አይደለም እኮ።»

ኢ-ሪደሩን ደረታቸው ላይ ለጠፉት። ይቆጡኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ግን እንደ ልጅ ነበር ፊታቸው የተለዋወጠው። ቀስ ብለው፣ በሩን እያዩ ነገሩኝ። ክረምቱ ሳይገባ የዓይናቸውን ሞራ በኦፕሬሽን አስገፍፈው ነበር። ልጃቸው ያኔ ቁርጡን ተናግራለች፦ ዓይናቸው ከዳነ እዚሁ ይኖራሉ፤ ካልዳነ ቤቱን አስረክበው ሮተርዳም እሷ ጋ ይገባሉ። ክፍሉ ተቀብቶ አልጋው ገብቷል። እና ዕቃው ተሠርቶ የመጣ ዕለት ሲከፍቱት ፊደሉ አልታይ አላቸው። ገጹ ሙሉ መረብ ብቻ። ዓይናቸው ተመልሶ ጠፋ። ለሐኪሙ አልነገሩም፣ ለልጃቸውም አልነገሩም። እሁድ እሁድ እሷ ፊት ዕቃውን ይዘው ጸሎታቸውን በቃላቸው እየወጡ ገጽ ይገልጣሉ።

«ለሷ እንዳትነግሪ። ማርያምን» አሉኝ።

«ያሳዩኝ።»

«ምን ታያለሽ? ዓይኑ የኔ ነው።»

ከእጃቸው ወሰድኩት። ገጹን ሳየው ሳጥን ብቻ ነው። ከላይ እስከ ታች፣ አንድ ዓይነት ባዶ ትንንሽ ሳጥኖች፣ በቃል በቃል መሃል ክፍተት ተደርጎላቸው በሥርዓት ተሰልፈዋል። እንደ ልማዴ ቁልፉን ተጭኜ ያዝኩት። ጠፋ፣ ተነሳ። ያው ሳጥን። ሌላ መጽሐፍ ከፈትኩ። ያው።

ያኔ ነው ዲመን ሳለሁ የማውቀው አንድ ተማሪ ትዝ ያለኝ። የኔን ኢ-ሪደር የሸጠልኝ እሱ ነው፣ ዕቃውን ሸጦ ወደ አገሩ ሊመለስ ሲል። ማሽኑ የአማርኛ ፊደል ስለማያውቅ በኬብል ያስገባለት እሱ ነበር፤ በተደጋጋሚ አስጠንቅቆኛል፦ አጥፍቶ ማስነሳት እንደፈለግሽ፣ ሪሴት ግን እንዳታደርጊው፤ ፊደሉ አብሮ ይጠፋል፣ ሳጥን ታነቢያለሽ ብሎኝ። የእማማም ላይ ድሮ ፊደሉን ያስገባላቸው አንድ የቤተ ክርስቲያን ልጅ ነው። ልጃቸው ይሄን በምን ትወቅ? እሷ ያየችው ሽፋኑን ብቻ ነው።

«እማማ፣ ዓይንዎ አይደለም። እኔም ሳጥን ነው የሚታየኝ።»

«አታባብዪኝ።»

«እኔ ሰው ማባበል አልችልበትም።»

አላመኑኝም። አዛኝ መስዬ ታየኋቸው መሰለኝ፣ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ከዚያ ስልኬን አወጣሁና በአማርኛ አንድ ነገር ጻፍኩ፤ ፊደሉን አሳደግኩት፣ አሳደግኩት፣ ስክሪኑን እስኪሞላው ድረስ። ፊታቸው ላይ ያዝኩላቸው። ራቅ አድርገው አዩት፣ ቀረብ አድርገው አዩት። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ።

«ሻዩ… በረደ» ብለው አነበቡ።

ከዚያ ወደ ጠረጴዛው ዞሩ። ብርጭቆው እዚያው ነበር። በአንድ እጃቸው ነኩት።

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? አሙቂዋ» አሉኝ። እጃቸው ግን ስልኬን አልለቀቀም።

ፊደሉ ያለው ቤቴ፣ የኔ ዕቃ ውስጥ ነው። ለመገልበጥ ደግሞ ኮምፒውተር ያስፈልጋል፤ እማማ ቤት የለም። ቅዳሜ አመጣዋለሁ አልኩ። ቅዳሜ ሥራ የለኝም፤ ሌላም ነገር የለኝም። እሁድ እንዳይሆን አሉኝ፣ እሁድ ልጃቸው አለች። ነገሩ ጸጥ ብሎ እንዲያልፍ ነበር የፈለጉት፤ ፊደሉ እንደ ጠፋው ሳይሰማ እንዲመለስ።

ቅዳሜ ሸክም የሆነውን አሮጌ ላፕቶፔን ተሸክሜ ሄድኩ። የገበያው ሰው በዝቶ ትራሙ ቆሞ ቆሞ ነው የሄደው። ፎቁን ስወጣ በራቸው ተከፍቶ ነበር፤ መስኮት ላይ ሆነው ሲጠብቁኝ ነበር ማለት ነው። ሻይ ሁለት ብርጭቆ ቀድተዋል። ቁጭ በይ አሉኝ፣ ቁጭ አልኩ። የኔን ዕቃ ሰካሁ፣ ፊደሉን አወጣሁ፤ የሳቸውን ሰካሁ፣ አስገባሁ። ላፕቶፑ እንደ አውሮፕላን ይጮሃል። እማማ ከኋላዬ ቆመው ትከሻዬ ላይ ይተነፍሳሉ። ነቅዬ መጽሐፉን ስከፍተው አሁንም ሳጥን ነው። ትንፋሻቸው ቆመ። ቆይ አልኩ፤ ለካ ከዝርዝሩ ውስጥ ፊደሉን መምረጥም አለ። መረጥኩት።

ገጹ ጠቆረና ነጣ። ከዚያ ፊደል ሆነ።

ከእጄ ወስደው ሶፋቸው ላይ ተቀመጡና ገጽ እየገለጡ ያቆሙበትን መፈለግ ያዙ። ከቆይታ በኋላ ብቻቸውን መሳቅ ጀመሩ።

«ይቺ ልጅ ለካ ድሮ ተሳፍራ ሄዳለች። እኔ ነኝ ዝናብ ላይ ገትሬ የያዝኳት።»

የት ሄደች ልላቸው ስል ቁልፍ በሩ ውስጥ ተሽከረከረ። ልጃቸው ናት። ከገበያ የገዛችውን ዕቃ በሁለት እጇ አንጠልጥላለች። እሁድ ለልጆቿ የሆነ ፕሮግራም ስላለ ዛሬ መጣሁ እያለች ገባችና እኔን ስታይ ቆመች።

«ዛሬ ሐሙስ ነው እንዴ?» አለች።

መልስ ሳልሰጥ እማማ ቀደሙኝ። ደስታው ነው አፋቸውን የከፈተው።

«ዓይኔ ደህና ነው! ለካ የጠፋው ፊደሉ ነው እንጂ ዓይኔ አይደለም።»

ልጃቸው የገበያውን ዕቃ መሬት አስቀመጠች። «ዓይንሽ መቼ ነው ደህና ያልነበረው?» አለቻቸው።

እማማ የተናገሩት ያኔ ገባቸው። ኢ-ሪደሩን ጉልበታቸው ላይ ደፉት። ልጅቷ ወደኔ ዞረች፤ እኔም ነገርኳት። ሪሴት ሲደረግ የአማርኛው ፊደል እንደሚጠፋ፣ እሳቸው ሳጥኑን ሲያዩ የታወሩ እንደመሰላቸው። አንቺ ይሄን በምን ታውቂ ነበር አልኳት፣ ለማጽናናት ብዬ። አልጠቀመም።

«ግን እሷ እሁድ እሁድ ታነብ ነበር» አለችኝ። እኔ እሳቸው እያልኩ፣ እሷ እሷ እያለች።

«ጸሎቱን በቃላቸው ነው።»

ጃኬቷን እንደለበሰች ወንበር ላይ ተቀመጠች። በደች ቋንቋ አንድ ነገር ለራሷ አለች፣ አልሰማሁትም። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ እናቷን ጠየቀቻቸው።

«ብቻሽን ታውረሽ መቀመጥ ይሻልሻል? እኔ ጋ ከመምጣት?»

እማማ ይዋሹላታል ብዬ ነበር የጠበቅኩት። ሻርፓቸውን አስተካከሉ።

«አንቺ ጠዋት ትወጫለሽ፣ ማታ ትገቢያለሽ። ልጆችሽ ያቅፉኛል፣ ቋንቋዬን ግን አያውቁም። እዚያ ክፍል ውስጥ ዓይን ቢኖረኝስ ማንን አወራለሁ? እዚህ ሐሙስ ሐሙስ ሰው አለኝ።»

ልጅቷ አየችኝ። ረጅም አየችኝ። እኔ ኬብሉን አየሁ።

«እና አትመጪም» አለች እናቷን።

«ዓይኔ እስካለ አልመጣም።»

«ዮ» አለች፤ እሺ ማለቷ ነው። ተነስታ ጃኬቷን አወለቀች። ኩሽና ገብታ ውሃውን ከፈተች። ሳህኑ ለሐሙስ የተጠራቀመ ነው፤ እኔ ሐሙስ አጥበዋለሁ አልኳት በበሩ በኩል።

«ዛሬ እኔ አጥባለሁ» አለችኝ ሳትዞር። ድምጿ ደህና አልነበረም።

እማማ የልጃቸውን ጀርባ ያያሉ። ዕቃው ጉልበታቸው ላይ እንደተደፋ ነው። ላፕቶፑን ዘጋሁ፣ ኬብሉን ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። የኔን ብርጭቆ ወደ ኩሽና ልወስደው አሰብኩና ጠረጴዛው ላይ ተውኩት። ጫማዬን በሩ ጋ አጠለቅኩ። በሩን እንዳይጮህ ቀስ አድርጌ ሳብኩትና ደረጃውን ወረድኩ።