የአማቴ የጆሮ ማዳመጫ

ይህ የሆነው የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ከፋሲካ በኋላ ነው። ጉዞው በአውሮፕላን አምስት ሰዓት ያህል ቢሆንም፣ ጣጣው እስከ ዛሬ ስላላለቀልኝ ልረሳው አልቻልኩም።

ጆሃንስበርግ የሚኖረው የባለቤቴ ወንድም ሊያገባ እናቱን ጠራ። ባለቤቴ አራስ ነበረች። ስለዚህ አማቴን ይዞ የመሄዱ ነገር እኔ ላይ ወደቀ።

አማቴ አቃቂ ነው የሚኖሩት። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ሽመና ክፍል ሠርተዋል። አውሮፕላን ሲሳፈሩ የመጀመሪያቸው ስለነበር፣ ፍርሃቱን እንዲረሱት ብዬ ከፊታቸው ያለው ስክሪን ላይ አንድ የአማርኛ ኮሜዲ መረጥኩላቸው። ማዳመጫውንም ጆሯቸው ላይ አደረግኩላቸው።

"ድምፅ የለውም" አሉ።

ጨመርኩት።

"የለውም እኮ ነው የምልህ!" ብለው ጮኹ። ከፊታችን ያሉት ሰዎች ዞረው አዩን።

አስተናጋጇ ሌላ ማዳመጫ አመጣች። "ይሄም ያው ነው" አሉ። ሦስተኛ አመጣች። ስክሪኑን አጥፍታ አበራችው። በመጨረሻ ሰው እያስነሳን ቦታ ተቀያየርንና በእኔ ስክሪን ሞከሩ። አሁንም የለም። አስተናጋጇ በትህትና ፈገግ ብላ ሄደች። ከዚያ በኋላ ስጠራት ቶሎ አልመጣችም፤ አልፈርድባትም።

አማቴ ማዳመጫውን እንዳጠለቁ አጠገባቸው ያለውን ሰውዬ ገልመጥ አድርገው፣ "ተስፋዬ፣ ይሄ ሰውዬ ሽቶ ፈሶበት ነው እንዴ?" አሉኝ። በሹክሹክታ የተናገሩ መስሏቸዋል። አውሮፕላኑ ውስጥ ያልሰማ ሰው ያለ አይመስለኝም። ሰውዬው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። መሬት ብትከፈትልኝ በገባሁ ነበር፤ መሬት ግን ከሥራችን በጣም ሩቅ ነበረች።

ትዕግሥቴ አለቀ። ማዳመጫውን ወስጄ የራሴ ጆሮ ላይ አደረግኩት። ጩኸቱ ሊያደነቁረኝ ምንም አልቀረውም።

"እማማ፣ ይሰማል እኮ!" አልኳቸው በንዴት።

ፊቴን ትኩር ብለው አዩና አንገታቸውን ደፉ።

"የቀኙ ከተዘጋ ቆየ" አሉኝ። "ግራውም እየደከመ ነው። ያ የፋብሪካው ማሽን ጩኸት ነው የበላው። ከንፈራችሁን እያየሁ ነው የማወራው።"

ባለቤቴ "እማዬ ስልክ እያወራሁ ትዘጋብኛለች፤ ጠልታኛለች" እያለች ስታለቅስ የከረመችው ትዝ አለኝ።

"ለልጄ እንዳትነግራት" አሉኝ እጄን ይዘው። "አራስ ናት። ብትደነግጥ ወተቷ ይደርቃል። ማርያምን በል።"

ማርያምን አልኩ።

ፊልሙን ትቼ ካርታውን ከፈትኩላቸው። ትንሿ አውሮፕላን ስትጓዝ እያዩ፣ "ይሄ ይሻላል፤ ዝም ብሎ ይሄዳል" አሉና እስክናርፍ ዓይናቸውን አልነቀሉም። ሠርጉ ላይም ሰው ያለውን ሁሉ ፊት ለፊታቸው ቆሜ ስደግምላቸው ዋልኩ።

አሁን ልጃችን ጡት ከጣለች ቆይታለች። አማቴን "እንንገራት፣ ሐኪም ቤትም እንሂድ" ስላቸው፣ "ትንሽ ቆይ" ይሉኛል። ባለቤቴ እሑድ እሑድ ከእናቷ ቤት ወደ ቱሉ ዲምቱ ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ ታለቅሳለች። "አንድ ነገር ብጠይቃት አኩርፋ ዝም አለችኝ" ትላለች። እኔ ምላሴን ነክሼ እቀመጣለሁ።

አማቴ ያስማሉኝ አፍ አውጥቼ እንዳልነግራት ነው፤ ስለ መጻፍ ያሉት ነገር የለም። ባለቤቴ ደግሞ ይህን ገጽ ሳታነብ አታልፍም።