የብኸይታ መክፈቻ ቃል

አንድ ሰው ኖሮ ኖሮ ሲያልፍ፣ ሕይወቱ ቢጨመቅ ምን ይወጣዋል? ብዙ አስቤበታለሁ። ከብኸይታ ሕይወት የሚወጣው፣ እንደሚመስለኝ፣ አንዲት የንግግር መጀመሪያ ናት።

ብኸይታ የአሶሳ አካባቢ የበርታ ብሔረሰብ ሴት ነበረች። በልጅነቷ ባሪያ ፈንጋዮች ወስደው ሸጧት፤ ካይሮ እንግሊዞች ቤት አገልግላ፣ ቋንቋቸውን ለምዳ፣ ነፃ ወጥታ ተመለሰች። ከወንዝ አሸዋ ወርቅ እያጠበች አንድ ልጇን ዓዲላን አሳደገች። በ1890ዎቹ ፈንጋዮች ዓዲላንም ወሰዱ።

ቆይቶ ወሬ መጣ። ከወሰን ማዶ የሰፈሩ እንግሊዞች ፈንጋዮቹን ይዘዋል፤ ዓዲላ እነሱ ዘንድ ናት። ክረምት ሳይገባ ግን ፈላጊ ያልመጣላቸውን ልጆች ወደ ሩቅ አገር ይልካሉ። ሰፈሩ ውስጥ ደግሞ አገሬው አይገባም።

በዚያው ሰሞን አንድ ወርቅ ፈላጊ ጀርመን የይለፍ ፈቃድ ሊጠይቅ ወደ ሰፈሩ ይሄድ ነበር። በዓረብኛ ተግባቡ፤ እሷ እንግሊዝኛ ልታስተምረው፣ እሱ ስለ ልጇ ሊናገርላት።

ጀርመኑ ቃላቱን አያጣም። የሚቸግረው አጀማመሩ ነው። በአገሩ ልማድ ቀኑን ያስቀድማል፣ ድርጊቱን ያስከትላል፣ የዓረፍተ ነገሩን ባለቤት በሦስተኛ ያመጣዋል።

«ቱዴይ ካም አይ።»

«ያ ኸዋጃ» ትለዋለች ብኸይታ፣ አንተ ፈረንጅ ማለቷ ነው፤ «ራስህን አስቀድም እንጂ! ‹አይ› በል፤ ሌላው ይደርሳል።»

የጀርመኑ በቅሎ ነጂ ኦመር በሳቅ ይንከተከታል። «ተዪው ብኸይታ! ስሙን ብትጠይቂውም ‹ትናንት› ብሎ ነው የሚጀምር።»

ፈላስፎች ድርጊት ይቀድማል ወይስ አድራጊ እያሉ ሲከራከሩ ዕድሜ ይፈጃሉ። ብኸይታ ጊዜ አልነበራትም፤ ሰማዩ በየቀኑ እየጠቆረ ነው።

ከሁሉ የከፋው «ዊል» ነበር። በጀርመንኛ «እፈልጋለሁ» ለማለት ተመሳሳይ ድምፅ አለ።

«‹አይ ዊል ሃቭ› ካልክማ አለቀ» አለችው። «እወስዳለሁ ማለት ነው። ልጅ ልትገዛ የመጣህ ይመስላቸዋል። ‹አይ ዉድ ላይክ› ብለህ ጀምር፤ ብትፈቅዱልኝ እንደማለት ነው።»

«ጠይብ፣ ጠይብ» ይላል፤ እሺ መሆኑ ነው። ወደ ሰፈሩ አብራው ስትሄድ መንገዱን ሁሉ አስደገመችው። አንዴ ይሳካል፣ አንዴ ይጠፋል። 

ከሰፈሩ የእሾህ አጥር ሲደርሱ ዘበኛው እሷን ከውጭ አስቀራት። የሰፈሩ እንግሊዛዊ መኮንን ወጣ። ጀርመኑ ፊቱ ቀልቶ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ ጀመረ፤

«ቱዴይ ዊል አይ ሃቭ ዘ ገርል።»

የመኮንኑ ዓይን ተለወጠ። «እዚህ ሰው አይሸጥም!» ብሎ ጮኸበት። ጀርመኑ ተንተባተበ፤ ባስረዳ ቁጥር ባሰበት።

ያን ጊዜ ብኸይታ ከአጥሩ ውጭ በጠራ እንግሊዝኛ «አይ አም ሀር ማዘር!» አለች። ባለቤቱ ቀድሞ፣ ድርጊቱ ተከትሎ፣ እናትነቷ በቦታው ገብቶ። መኮንኑ ግን እሷን አይቶ፣ ጀርመኑን አይቶ፣ «ደህና አድርገህ አስጠንተሃታል» አለና ወደ ውስጥ ገባ።

ብኸይታ አጥሩን ይዛ ቆመች። እሾሁ እጇን ወግቷል።

«ወንድሜ፣ አስገባኝ» አለችው ዘበኛውን። «እኔ ከመጀመሪያው ልጀምረው።»

አላስገባትም። በማግስቱም ጠየቀች፤ ዓዲላንና ሌሎቹን ልጆች ጭነው እስኪሄዱ ድረስ የጠየቀችው ይህንኑ ነበር። እሺ ያላት የለም።