አራት ሺህ አራት መቶ አሥራ ሰባተኛው ፎቶ

ሐዳሳ የምትሠራው ከጅማ ወደ ሰቃ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ የቡና ችግኝ ጣቢያ ነው። ሥራዋ ቅጠል መገልበጥ ነው። ጠዋት ትገባና በየመደቡ እየተንበረከከች የችግኞቹን ቅጠል ከሥር ታያለች፤ ትል የገባበትን፣ እንቁላል የተጣለበትን፣ የታመመውን ትለያለች። ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ሠርታለች። አባቷ ከዱራሜ ለአናጺነት መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው፤ እሷ ተወልዳ ያደገችው ጅማ ነው። እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ትዘምራለች። አላገባችም። በሠላሳ አንድ ዓመቷ፣ እኩዮቿ ለሶፋና ለቴሌቪዥን ሲያጠራቅሙ፣ እሷ ለካሜራ አጠራቀመች።

ምክንያቱን ስትጠየቅ ታፍር ነበር። ነገሩ ከቅጠል ሥር የምታየውን የሚያምናት ሰው በማጣቷ ነው። ከጤፍ ፍሬ የማይበልጥ እንቁላል ላይ በብዕር የተሠመረ የሚመስል መስመር አይታለች። ዓይኑ እንደ ወንፊት የሆነ ዝንብ አይታለች። በስልኳ ስታነሳው ግን ብዥ ያለ ነጠብጣብ ብቻ ይወጣል፤ ለጓደኞቿ ስታሳያቸው ቆሻሻ ነው ወይ ብለው ይጠይቋታል።

አዲስ ካሜራ የሚታሰብ አልነበረም። ጅማ መርካቶ ስልክ የሚጠግነውን ጠሃን፣ ያገለገለ ካገኘ እንዲነግራት ለምናው ነበርና ከስምንት ወር በኋላ ደወለላት። ሰቶ ሰመሮ ሰፈር፣ አንድ ቤት ውስጥ የሚሸጥ ካሜራ አለ አላት፤ በደንብ የተያዘ ነው፣ ባለቤቱም እንዳንቺው ትል ሲያይ የሚውል ነበር። "ነበር" ማለቱን ሐዳሳ ሰምታለች። ግን አልጠየቀችም። ካሜራው እንዳያመልጣት ፈርታ ነው ያልጠየቀችው፤ በኋላ በዚህ ራሷን ስትወቅስ ኖራለች።

በሩን የከፈቱላት ወይዘሮ መድና ናቸው። ስድሳ ያለፋቸው፣ ቀጭን፣ ዝግ ብለው የሚናገሩ ሴት ናቸው። ካሜራውን በፎጣ ጠቅልለው ከቁም ሳጥን አወጡና ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው፣ ራቅ ብለው ተቀመጡ። ሐዳሳ ጠሃ እንዳስጠናት ሌንሱን ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዛ ሻጋታ እንደሌለው አየች፤ ቁልፉን ተጭና ድምፁን አዳመጠች። ከካሜራው ጋር በላስቲክ የታሰረ አጭር የፕላስቲክ ቀለበት ነበር። ከውሃ ቱቦ ተቆርጦ፣ በአሸዋ ወረቀት ተፈግፍጎ፣ ውስጡ ጥቁር ተቀብቷል። ሌንሱንና ካሜራውን የሚያራርቅ ነው፤ እሱ ሲገባ ካሜራው የጉንዳን ፊት ድረስ ይቀርባል። ይህን በእጁ የሠራው ሰው ምን ያህል እንደደከመበት ገባት።

የካርዱ ቦታ ባዶ ነበር። ስትጠይቃቸው ካርዱ አይሸጥም አሏት። ከፍላ ስትወጣ ግን ወይዘሮ መድና እስከ በሩ ተከተሏት።

"ኢንተላ ኮ፣ ልጄ" አሏት፣ "ውሃ ዳር ይዘሽው አትሂጂ።"

የቀረውን የነገራት ጠሃ ነው። ፋሂም የሠርግ ፎቶ አንሺ ነበር፤ የሴትዮዋ የመጨረሻ ልጅ። ሥራ በሌለው ቀን ጫካ ለጫካ ነፍሳት ሲያነሳ ይውላል። ከሁለት ዓመት በፊት በክረምት፣ አንድ ሰኞ፣ ከሰቃ ወዲያ ካለ ወንዝ ሄዶ አልተመለሰም። በማግስቱ ውሃው ታች ድረስ ወስዶት ሬሳው ተገኘ። ካሜራው ግን ወንዙ ዳር ካለ የቡና ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ በማንገቻው ተሰቅሎ ነበር። ጠብታ አልነካውም። ሰውን ያስወራው ይኸ ነው። አዳልጦት የወደቀ ሰው ከነካሜራው ይወድቃል አሉ፤ ካሜራውን አስቀድሞ በጥንቃቄ የሰቀለ ግን አስቦበት የገባ ነው። እናቱ ፊት ማንም አልተናገረውም። ቢሆንም ደረሳቸው።

ሐዳሳ ካሜራውን ልትመልስ አሰበች። ሳትመልስ ቀረች። አዲስ ካርድ ገዝታ በማግስቱ ችግኝ ጣቢያው ውስጥ አንድ ጉንዳን አነሳች። ምስሉ ከኋላው መስታወት ላይ ሲወጣ የጉንዳኑን እግር ፀጉር ሳይቀር አየችው። ደስታዋ ግን ሙሉ አልሆነም፤ ከሥሩ የተጻፈውን ቁጥር አየች። አራት ሺህ አራት መቶ አሥራ ስምንት ይላል። ካሜራው ካርዱ ቢቀየርም የራሱን ቆጠራ እንደሚቀጥል ጠሃ አስረዳት። እንግዲህ አሥራ ሰባተኛው የፋሂም ነበር። የመጨረሻው።

ከዚያ በኋላ ብቻዋን የምታነሳ አልመሰላትም። የዓይን ማያው ጎማ በአንድ በኩል ተበልቷል፤ ግንባሯን ስታስጠጋ የሌላ ሰው ግንባር ያረፈበት ጉድጓድ ውስጥ ያርፋል። መደቡ መሃል ተንበርክካ ትንፋሿን ስትይዝ፣ አጠገቧ ሌላ ሰው ተንበርክኮ ትንፋሹን የያዘ ይመስላትና ዘወር ትላለች። የችግኝ ጥላ ብቻ ነው። እየቆየ ዘወር ማለቱንም ተወችው፤ ስሜቱ ግን አልለቀቃትም። አሥራ ሰባተኛው ፎቶ ላይ ምን እንዳለ ሳታስብ የዋለችበት ቀን አልነበረም።

በሦስተኛው ወር አንድ ፎቶ አሳጥባ ለወይዘሮ መድና ወሰደችላቸው። የቢራቢሮ እንቁላል ነበር። ሴትዮዋ ተቀብለው ብዙ ካዩት በኋላ፣ ፋሂምም እንዲህ ያለውን ሲያመጣላቸው እንደማያዩለት ነገሯት። እንድትመለስ ለመኗት። ተመለሰች። በሦስተኛው ጉብኝቷ፣ ከአሱር ሰላት በኋላ፣ የሻሻቸውን ጫፍ ፈትተው ካርዱን አወጡ።

ሁለት ዓመት ሙሉ ከሰውነታቸው እንዳልተለየ ነገሯት። ብቻቸውን ለማየት ፈርተዋል፤ ልጆቻቸው እንዲያዩትም አልፈለጉም። ከዚያ ለማንም ያልነገሩትን ነገሯት። የዚያን ሰኞ ጠዋት ተጣልተው ነበር። አንድ ሠርግ ትቶ ጫካ ሲሄድ፣ እንግዲያው ከትልህ ጋር ተጋባ፣ ከእኔ ቤት ግን ውጣልኝ ብለውት ነበር። እሱ ጫማውን አስሮ ወጣ።

"ሰው የሚለውን ሰምቻለሁ" አሏት። "ልጄ እንዴት እንደሄደ ካላወቅሁ ዱዓ ሳደርግለት እንኳ አፌ ይያዛል። አንቺ እዪልኝ።"

ሐዳሳ ካርዱን አስገባች። ሙሽሮች መጡ፣ ሚዜዎች መጡ፣ ከዚያ ቅጠልና ሸረሪት። በመጨረሻ ወንዙ መጣ። ከዳር ሁለት እርምጃ ገባ ብሎ ካለ ድንጋይ ላይ አንድ የውሃ ተርብ አሮጌ ቆዳውን ጥሎ እየወጣ ነው፤ ክንፉ ገና እንደተጨመደደ ነው። ፋሂም ሃያ ስድስት ጊዜ አንስቶታል። በሃያ ስድስቱም ላይ አንድ የሳር ዘለላ ተርቡን ጋርዶታል። ወደ ግራ ሄዶ ሞክሯል፣ ዝቅ ብሎ ሞክሯል፤ ሳሩ አልለቀቀውም።

ሐዳሳ ይህን ታውቀዋለች። እሷም በየቀኑ ታደርገዋለች፤ ካሜራውን በቅርብ ካገኘችው ነገር ላይ ትሰቅልና ባዶ እጇን ሄዳ፣ የሚያስቸግረውን ቅጠል ገለል አድርጋ፣ ተመልሳ ታነሳለች። ለወይዘሮ መድና አስረዳቻቸው። በጣቷ ሳሩን አሳየቻቸው። ሊሞት የሄደ ሰው ለአንድ ሳር እንዲህ አይጨነቅም፤ ሳሩን ሊያነሳ ገብቶ ነው ድንጋዩ ያዳለጠው።

ከዚያ አሥራ ሰባተኛው መጣ። ተርቡም ድንጋዩም የሉበትም። ውሃ ብቻ ነው፤ ግራጫ፣ ብዥ ያለ፣ ፎቶውን ከዳር እስከ ዳር የሞላ። ከሥሩ ሰዓቱ ተጽፏል። የተርቡ ፎቶዎች ያበቁት አራት ሰዓት ከሃያ ላይ ነው። ይኸኛው የተነሳው ከአሥራ አንድ ደቂቃ በኋላ ነው።

ወይዘሮ መድና ያንን ደቃቅ ጽሕፈት ማየት አይችሉም።

"ይሄስ ምንድን ነው?"

"ሲሰቅለው ሳያስበው ጣቱ ነክቶት ነው፣ እማማ።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

ሐዳሳ የሴትዮዋን እጅ አየች። የሻሹን ጫፍ ጨብጧል።

"እርግጠኛ ነኝ" አለች።

ወይዘሮ መድና አልሃምዱሊላህ ብለው ፊታቸውን በሻሹ ሸፈኑ። በሚቀጥለው ጁምዓ በፋሂም ስም ሰደቃ አወጡ። ለመጣው ጎረቤት ሁሉ፣ ልጄ ሳር ሊያነሳ ገብቶ ነው ብለው ተናገሩ። ሰዉም ተቀበለ፤ ወሬው እዚያው ሞተ። ልጃቸው ጠይባ፣ እናቷ ከስንት ጊዜ በኋላ እንቅልፍ እንደወሰዳቸው ለሐዳሳ ደውላ አመሰገነቻት።

ሐዳሳ ግን በበጋ ብቻዋን ወደ ወንዙ ሄደች። ውሃው ከጉልበት አይደርስም ነበር። ድንጋዩን አወቀችው። ካሜራውን ከቡናው ቅርንጫፍ ላይ ሰቀለችው፤ አወረደችው፤ እንደገና ሰቀለችው። በችኮላ ሞከረች፣ በግራ እጇ ሞከረች፣ ፊቷን አዙራ ሞከረች። ሠላሳ ጊዜ ያህል ሰቅላዋለች። አንድም ጊዜ በራሱ ፎቶ አላነሳም። ያ ማለት የፋሂም ጣት አልነካውም ማለት እንዳልሆነ ታውቃለች። በአሥራ አንዱ ደቂቃ ሳሩን በእንጨት ለማጠፍ ሲታገል ቆይቶ ሊሆን ይችላል። ተቀምጦ ውሃውን ሲያይ ቆይቶም ሊሆን ይችላል። ውሃው እየፈሰሰ እሷ እዚያ ድንጋይ ፊት እስኪመሽባት ድረስ ቆመች፤ ወደየትኛው እንደምታዘነብል እንኳ አላወቀችም።

ይህን ለፓስተሯም ለጠሃም አልነገረችም። ካሜራውን አልተወችም። ያነሳቻቸው የተባይ ፎቶዎች ዛሬ ችግኝ ጣቢያው ግድግዳ ላይ ተለጥፈዋል፤ ገበሬዎች እያዩ፣ ይኸ ነው የእኔን የበላው ይላሉ። በኢድ ሰቶ ሰመሮ ትሄዳለች። ወይዘሮ መድና ከአጠገባቸው ያስቀምጧትና ለማያውቋት እንግዶች "ፋሂሜን ያየችልኝ ልጅ ይቺ ናት" እያሉ ያስተዋውቋታል። እንግዶቹ ይመርቋታል። ሐዳሳ አሜን ትላለች፤ ዓይኗን ከምንጣፉ አታነሳም።