ገበቴው ፊቴ የተቀመጠ ዕለት

አንኮበር ላይ፣ ከገደሉ አፋፍ በነበረው በፈረንጁ መምህር ቤት፣ ወንጌል ለማንበብ የምንሰበሰብ ጥቂት ሰዎች ነበርን። እኔ ሸክላ ሠሪ ነኝ፤ ፊደል የቆጠርኩትም ልጆቼ ካደጉ በኋላ ነው። ሸክላ ሠሪ በዓይኗ ሰው ትበላለች ይባላል። ማኅበርተኞቹ ይህን እንደማያምኑ ደጋግመው ነግረውኛል፤ ሲነግሩኝ ግን ልጆቻቸውን ወደ ኋላቸው ያደርጉ ነበር።

በማኅበሩ ሕግ ከኅብስቱ በፊት አንዱ የሌላውን እግር ያጥባል፤ ያልታጠበ አይቆርስም። መምህሩ ይህን ያዘዘው ትሕትና እንድንማር ነው። ተማርንም፦ ሁሉም አስቀድሞ ምንጭ ወርዶ እግሩን በድንጋይ ፈግፍጎ ይመጣል። በቆሻሻ እግር መገኘት ውርደት ነዋ! የገበቴው ውሃ እንደጠራ ገብቶ እንደጠራ ይደፋ ነበር።

የእኔ የመታጠብ ተራ ለመጀመሪያ ጊዜ ደረሰና ገበቴው ፊቴ ተቀመጠ። ውሃው የተቀዳው እኔ በሠራሁት እንስራ ነው፤ እንስራውን የፈራው አልነበረም።

«አለቃ፣ እርስዎ ይጀምሩ» አለ ከማኅበርተኞቹ አንዱ፣ ጨው ነጋዴው።

«እኔ ኃጢአተኛው?» አሉ ሽማግሌያችን አለቃ። «የእኅታችንን እግር ለመንካት መች በቃሁ! አንተ ትሻላለህ።»

«ኧረ ጌታዬ! ከእኔ የባሰ ኃጢአተኛ በዚህ ቤት አለ?»

ሦስተኛው ከሁለቱም እንደሚከፋ ሊያስረዳ ብድግ አለ። እንደዚያ ቀን ትሕትና ሞልቶ ሲፈስ አላየሁም። አማርኛው እዚህ ድረስ የማያደርሰው መምህር፣ መንፈስ የወረደ መስሎት ዓይኑን ጨፍኖ ይጸልያል። እኔ እግሬን ዘርግቼ ኅብስቱን አያለሁ። ጉሙ በበር ይገባል፤ ውሃው ይበርዳል። ሳልታጠብ ከወጣሁ፣ ያን ቤት ዳግመኛ የምረግጠው እንስራ ለማድረስ ብቻ እንደሆነ ገብቶኛል።

የአለቃ ሚስት ከጥግ ተነሡ።

«እናንተ ተዋርዳችሁ እስክትጨርሱ ላሜ ሳትታለብ ልትቀር ነው» አሉና ቀሚሳቸውን ሰብስበው ተንበረከኩ። «ወዲህ በይ እግርሽን!»

ድስት እንደሚያጥብ ሰው ፈተጉኝ።

«አንቺ ሴት!» አሉ አለቃ ደንግጠው።

«ዝም ይበሉ! ዓይኗ የሚበላ ቢሆን፣ ይህን ሁሉ ዘመን ወጥዎን በማን ድስት ሠራሁልዎ?»

የግራ እግሬን ትንሽ ጣት ዘለዋታል፤ ልብ ብያለሁ። ቢሆንም ታጥቤያለሁ፤ ኅብስቱንም ቆርሻለሁ።

አሁን የማኅበሩ ታሪክ ሲወራ ጨው ነጋዴው «ልነሣ ስል ሴትዮዋ ቀደመችኝ» ይላል። አለቃም እንደዚሁ ይላሉ፤ ሦስተኛውማ አንድ ጉልበቱን አንበርክኮ ነበር አሉ። ሚስትየዋን የጠየቃቸው ሰው ግን የሚሰማው ስለ ላሟ ነው፤ ያን ቀን ዘግይተው ደርሰው፣ ጥጃው ጠብቷት ጠበቃቸው።